ሞተሯን ተልባ ያጠጣሁበት ክረምት

ባለፈው ሰኔ ወደ እንጅባራ ስመለስ ከመናኸሪያ የያዝኩት ባጃጅ እናቴ ቤት ሳይደርስ ቤንዚን ጨርሶ ቆመ። ሹፌሩ መንገድ ዳር በሃይላንድ ፕላስቲክ ቤንዚን ደርድራ ከምትሸጥ ሴት አንዱን ገዝቶ ክዳኑን ሲከፍት፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩትና አሸተትኩት። ሻጭዋ ተቀየመች። ውሃ የሚቀላቅሉት ሌሎች ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥራቱን መፈተኔ እንዳልሆነ ላስረዳት ፈልጌ ነበር፤ ግን ቤንዚንሽ የእናቴን እጅ አስታወሰኝ ብላት ማን ያምነኛል?

የሌላው ልጅ እናት ቅቤ ቅቤ ስትሸት የእኔ እናት ቤንዚን ቤንዚን ትሸት ነበር። የጤና ጣቢያው የክትባት ሠራተኛ ናት። አባቴ ጫግኒ አስተማሪ ስለነበር በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ቤቱን የሞላነው እሷና እኔ ሴት ልጇ፣ ከዚያም ሞተሯ ነበርን። ሞተሯ የጃፓን ሥራ ናት። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፤ እኛ ጋ እስክትደርስ ሦስት መሥሪያ ቤት ዞራለች። ድሮ ቀይ እንደነበረች የሚታወቀው ከመቀመጫዋ ሥር ባለች በአንዲት መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው። መቀመጫዋ ተቀዶ እናቴ በማዳበሪያ ጆንያ ሰፍታዋለች። እናቴ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ታጠልቅና ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፤ የክትባቱን ሣጥን ከኋላ በጎማ ገመድ ጠፍራ ትወጣለች። ከተማው “ባለሞተሯ” ይላታል። እኔም “የባለሞተሯ ልጅ” ነበርኩ፤ በዚህ ስም የምኮራውን ያህል በትምህርቴ ኮርቼ አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት አያቴ ሊታከም መጣ። የእናቴ አባት ነው፤ ጉልበቱን አሞት መርፌ ታዞለት፣ ክረምቱን እኛ ጋ ሊሰነብት ሆነ። ፈረሱንም ይዞ ነው የመጣ። ከፈረሱ ተለይቶ ማደር አይሆንለትም። ከእሱ ጋር የሚነጋገረው በአዊኛ ነው፤ አማርኛ ለመርፌ ወጊዎችና ለእኔ ብቻ የሚያወጣው ልብስ ይመስል ነበር። እኔ ከተማ ስላደግኩ አዊኛ የማልሰማ ይመስላቸዋል። እሱና እናቴ ከእኔ የሚደብቁት ነገር ሲኖር ቶሎ ብለው ወደዚያ ይሻገራሉ። እኔ ደግሞ እንዳልሰማ ሰው ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ ሁሉንም እሰማለሁ።

ግቢያችን ለሁለት ተከፈለ። በአንድ በኩል ፈረሱ፣ በሌላው በኩል ሞተሯ። አያቴ ለሁለቱም በቀርከሃ መጠለያ ሠራላቸው፤ የፈረሱን ሦስት ቀን ደከመበት፣ የሞተሯን በአንድ ከሰዓት ጨረሰው። ሞተሯን አይወዳትም። እናቴ መጀመሪያ የተሰጣት ጊዜ “ልጓም በሌለው ነገር ላይ አይወጣም” ብሏት እንደነበር እሷው ነግራኛለች። ፍሬን አላት ብትለው “ፍሬን ጆሮ የለውም” አላት አሉ። ጧት ጧት ስትሄድ በሩ ላይ ቆሞ እስክትጠፋ ያያታል። እኔ የመሰለኝ በጥላቻ የሚያያት ነበር። ፈርቶላት መሆኑን ለመገመት ገና ልጅ ነበርኩ።

ሐምሌ ላይ ሞተሯ መንገድ ላይ መቆም ጀመረችና ለማሠራት እናቴ እኔን አፈናጥጣ ዳንግላ ወሰደችኝ። መካኒኩ ጋሽ ፈንታሁን ይባላል። አንድ ጣት የለውም፤ የት እንደሄደች ስጠይቀው “ሞተር በላቻት” አለኝ፤ ስለዚህ ሞተር እንደምትበላ አወቅኩ። እናቴ እስኪጨርስ ልጠብቅ ብላ አልተቀመጠችም። ከጎኑ ቁጢጥ ብላ እያንዳንዱን ብሎን ሲፈታ ታያለች። ከሞተሯ ሆድ አጠገብ ጡጫ የሚያህል ብረት ነቅሎ አወጣ። ካርቡሬተር ነው አለን፤ ቤንዚንና አየር የሚገናኙበት፣ ለሞተር ጉሮሮዋም ሳንባዋም ይኸው ነው አለ። ከሥር ያለችውን ትንሽ ጽዋ ከፈታት፤ ውስጧ ዝገትና አሸዋ ነበረ። በቤንዚን አጠባት። ከዚያ መሐሏ የተበሳች የነሐስ ብሎን ፈታና በሁለት ጣቱ ይዞ በአፉ እፍ አለባት፤ ጉንጩ እስኪያብጥ እፍ አለባት።

እናቴ አንድ ጊዜ ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን አፉ ላይ እፍ ብለው እንዳተረፉት አጫውታኝ ነበር። ስለዚህ ጋሽ ፈንታሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ሞተሯ ነፍስ አላት። ሞተሯ ተነሥታ ስትጮህ አጨበጨብኩ። ጋሽ ፈንታሁን እናቴን መልሳ እንድትፈታና እንድትገጥም አደረጋት፤ ሁለቴ ፈታች፣ ሁለቴ ገጠመች። እንጀራዬን ልትቀሚኝ ነው እያለ ቀለደባት። አንድ ነገር ግን ሳይቀልድ ነገራት። ቀዳዳዋ ብትደፈን ሽቦ እንዳታስነኪያት፣ ሽቦ ነሐሱን ፍቆ ያሰፋዋል፣ ከሰፋ በኋላ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች፣ መድኃኒትም የላት አለ።

ነሐሴ ሲገባ ፈረሱ ማሳል ያዘ። የእንጅባራ ነሐሴ ፈረስ ቀርቶ ድንጋይ ያስላል። አያቴ ተልባ አስወቀጠኝ፣ በውሃ አፈላው፣ እስኪወፍርና እስኪዝለገለግ ድረስ አማሰለው። ሲበርድ በጣሳ እየቀዳ በጠርሙስ ፈረሱን አጠጣው። ጭንቅላቱን ቀና አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ተልባው ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ የደረቀውን ያወርዳል አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሳሉ ቆመ። በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው፤ ማንም አላወራልኝም።

በዚያው ሳምንት እናቴ ፊቷ ጠቁሮ ከሥራ ገባች። ለአያቴ በአዊኛ ነገረችው፣ እኔም ጣሪያውን እያየሁ ሰማሁ። ኃላፊው ጠርቷት ነበር። ሞተሯ ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ቆማለች፣ ሦስት ጊዜ የገጠር እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ውለው ተመልሰዋል። አሁን ከጥርባ ወዲያ ባለች ቀበሌ ኩፍኝ ገብቷል። ቅዳሜ ክትባት አለ። ቅዳሜ ከቀረሽ ሞተሯ ለአቶ ላቀው ትሰጣለች፣ አንች ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ አላት። አቶ ላቀው አብሯት የሚሠራ ጤና ረዳት ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቅ ሰው። ካርድ ክፍልን ደግሞ አውቀዋለሁ። ጨለማ ነው፤ አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፣ ከመስኮቷ የሰው እጅ ብቻ ይወጣና ካርድ ይቀበላል። የተቀረውን የሰውየውን አካል አይቼ ስለማላውቅ እዚያ የገባ ሰው እጁ ብቻ የሚቀር መስሎኝ ነበር። እናቴ እዚያ ከምትገባ እኔ ብሞት ይሻል ነበር።

ዓርብ ከሰዓት እናቴ ሞተሯን ወደ ግቢ ስታስገባት አሳላት። በግልጽ ሰማኋት፤ እህ እህ ብላ ጠፋች። እናቴ እንደገና ረግጣ አስነሣቻት፣ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠችና ነገ ብቻ አድርሺኝ ብላ ተወቻት። ጎረቤት ልቅሶ ነበርና ወዲያው ወጣች። አያቴ ጸሎት ላይ ነው። ከፈረሱ የተረፈው ተልባ በጣሳ ተከድኖ መደቡ ሥር ተቀምጧል። ጉሮሮ አላት ተብያለሁ፣ ስታስል ሰምቻለሁ፣ መድኃኒቱ በእጄ ነው። የቤንዚን ታንከሯን ክዳን ከፈትኩ፣ ግማሽ ጣሳ ተልባ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩላት። እንዳያንቃት እየቆምኩ ነው ያፈሰስኩት። ከዚያ መቀመጫዋን መታ መታ አድርጌ አይዞሽ አልኳት። በዚያ ቀን ከእኔ የበለጠ እንቅልፍ ያሰኘው ሰው አልነበረም፤ ደግ ሥራ የሠራ ሰው አተኛኘት ተኛሁ።

ቅዳሜ ጧት ዝናብ አልነበረም። እናቴ ጎህ ሲቀድ በእግሯ ጤና ጣቢያ ደርሳ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዛ መጣች። በረዶው እስከ ከሰዓት ነው የሚቆየው። ሣጥኑን ጠፍራ ሞተሯን ረገጠቻት። አንድ ጊዜ ግርር አለችና ሞተች። ደግማ ረገጠቻት፤ ዝም። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ረገጠቻት፣ ላቧ በጉንጯ እየወረደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መጀመሪያ መድኃኒቱ ገና አልሠራም እያልኩ ነበር። ቀስ እያለ መድኃኒቱን መጠራጠር ጀመርኩ።

እሳት የምትጭረውን ካንዴላዋን ነቅላ አየች፣ ጠረገች፣ መለሰች። ምንም የለም። ጋሽ ፈንታሁን ዳንግላ ነው፤ እሱን ማምጣት ማለት ቀኑን መጨረስ ነው። ሣጥኑን ፈታ ጥላ ውስጥ አስቀመጠች፣ ትሪ አስመጣችኝ፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። የቤንዚኑን መዝጊያ አዞረች። ቀጭኗን የጎማ ቧንቧ ነቀለች። ካርቡሬተሩን ወዲህና ወዲያ የያዙትን ማሰሪያዎች በካቻቢቴ አላላችና እንደ ላላ ጥርስ ወዝውዛ አወጣችው። ከሥር ጽዋዋን የያዙትን አራት ብሎኖች በየተራ ትሪው ላይ ደረደረች። ጽዋዋን ስትከፍት ዝገት አልነበረም። እንደ እንቁላል ውሃ የሚዝለገለግ ነገር ተንጠለጠለ፤ በጣቷ ስትስበው ተሳበ።

እናቴ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለአያቴ “ይኸ ቆሻሻ አይደለም፤ ሰው ያስገባው ነገር ነው” አለችው። ሐሙስ ዕለት ሞተሯ ጤና ጣቢያው ግቢ ቆማ ሳለ አቶ ላቀው አጠገቧ ጎንበስ ብሎ አይታዋለች። ስታየው ደንግጦ ቀና አለ። ምን ትሠራለህ ብላ አልጠየቀችውም፤ ሰላም ብላው አለፈች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለች። ካቻቢቴውን ጣለችና ነጠላዋን ከወገቧ ፈታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ኃላፊው ቤት ልትሄድ ነው። ጽዋዋን ከነዝልግልጉ ይዛ፣ ይኸው ብላ ልታሳየው።

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። ብናገር እናቴ የገዛ ልጇ ያጠፋችባት ሴት ትሆናለች፣ ሞተሯም ትሄዳለች። ዝም ብል አቶ ላቀው ይባረራል፣ እኔ ግን እድናለሁ። አፍሬም ቢሆን እናገረዋለሁ፤ ለአንድ አፍታ አቶ ላቀው ይባረር ብዬ አስቤያለሁ። ስቆ አያውቅም እኮ።

አያቴ በዱላው ተደግፎ ተነሣ። ጽዋዋን ከእጇ ወሰደና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ዝልግልጉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሸው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መደቡ ሥር አየ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ አየ። ዓይን ለዓይን ተያየን። “ተልባ ነው” አለ በአማርኛ። ወደ እናቴ ዞሮም ቀጠለ፤ “እኔ ነኝ። ስታስል ሰማኋትና እንደ ፈረሱ ይሻላት ብዬ ነው።”

እናቴ ለማመን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባትም። ያ ነው ያመመኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከእሱ የሚጠበቅ ነበር፤ ፈረሰኛ ሽማግሌ ነው፣ ሞተሯንም አይወዳትም። “ከመጀመሪያውም እዚች ላይ መውጣቴን አልወደዱልኝም” አለችው። “ካርድ ክፍል ተቀምጬ እንዳይ ነበር የፈለጉት። ይኸው ደስ ይበልዎ።” አባቷን በእንዲህ ያለ ድምፅ ስታናግረው ሰምቼ አላውቅም። አያቴ ጋቢውን አስተካከለ፣ ዱላውን አነሣና በዚያ በሚያነክስ እግሩ ወደ ፈረሱ መራመድ ጀመረ። ኮርቻውን ከግድግዳው ላይ አወረደው። ወደ አገሩ ሊሄድ ነው።

ኮርቻው ግድግዳውን ታክኮ ሲወርድ የሰማሁት ድምፅ ነው አፌን የከፈተው። “እኔ ነኝ” አልኩ። “አባባ አይደሉም። እኔ ነኝ ያጠጣኋት።”

ሁለቱም ዞሩ። እናቴ ወደ እኔ መጣች። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስጨፍን ጭምር እያወራሁ ነበር፣ ጉሮሮ አላት ብሏል ጋሽ ፈንታሁን፣ ነፍስ አላት፣ እፍ ብሎባታል፣ ካርድ ክፍል እንዳትገቢ ብዬ ነው፣ እጅሽ ብቻ እንዳይቀር። ጥፊው አልመጣም። ዓይኔን ስገልጥ እናቴ ፊቴ ቁጢጥ ብላለች።

“ስንት ጣሳ ሰጠሻት?” አለችኝ። ልክ በሽተኛ እንደምትጠይቅ።

“ግማሽ።”

“ለስንት ቀን?”

“ለአንድ ቀን ብቻ። ትናንት።”

ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቤንዚን በነካው እጇ አፏን ይዛ ሳቀች፣ አያቴም ኮርቻውን እንዳቀፈ ጢሙ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሥቶልኝ፣ ያለ እሱ እንዴት እንደሚተነፈስ ረስቼ ቆሜ ነበር። እናቴ ተነሥታ ኮርቻውን ከአያቴ እጅ ተቀበለችና ሰቀለችው። ዱላውን ወሰደችና ግድግዳውን አስደገፈችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ያን የሚያመውን ጉልበቱን ሳመች። አያቴ ቶሎ በይ፣ በረዶው እየቀለጠ ነው አላት።

ታንከሯን ባልዲ ውስጥ ገለበጥናት። ተልባው ከሥር ዘቅጦ፣ ቤንዚኑ ከላይ ጠሎ ታየ። አያቴ አትንኩት፣ እንደ ጠላ ይጥለል አለ፤ ሲጠል ከላይ ከላዩ በቀስታ ቀዳው፣ አተላው ቀረ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በጀሪካን አፍ ላይ ወጥራ አጣራችው። ነጠላው ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አያውቅም። ጽዋዋን አጠበች፣ ቤንዚን ላይ የምትንሳፈፈውን ቁራጭ አጠበች፣ በመጨረሻ ያችን የነሐስ ብሎን ፈታ ወደ ፀሐይ ያዘቻት። ብርሃን አያልፍባትም። እፍ አለችባት፤ አሁንም አያልፍም። የተልባ ገለባ ተሰንቅሮባታል። የስፌት መርፌ ወፈረ። የመጥረጊያ ሰንበሌጥ ገብቶ ተሰበረና ባሰው። ሽቦ አንሥታ አየቻት፣ ጣለቻት። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች።

አያቴ ሳይናገር ተነሣና ከፈረሱ ጭራ አንድ ፀጉር ነቅሎ መጣ። ፈረሱ እግሩን መሬት መታ። ፀጉሩ ረዥም፣ ጥቁር፣ ጠንካራ ነው፤ ነሐስም አይፍቅም። የእናቴ ጣት ለዚህ ይወፍራል፣ አያቴ በቅርብ አይታየውም። ብሎኗን ለእኔ ሰጡኝ። ምላሴን አውጥቼ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣ የፀጉሩን ጫፍ ቀዳዳዋ ላይ አድርጌ ገፋሁ። አንድ ጊዜ ታጠፈ። ሁለተኛም ታጠፈ። አያቴ በምራቅሽ አጠንክሪው አለኝ። በሦስተኛው ገባ፤ ከወዲያ በኩል ጫፉ ብቅ ሲል እናቴ ያዘችው፣ እኔ ወዲህ እሷ ወዲያ እንደ መጋዝ ሳብነው። ከዚያ ወደ ፀሐይ ያዝኳት። የመርፌ ጫፍ የማታህል ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ገባች። በሕይወቴ ካየሁት ብርሃን ሁሉ እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም።

መግጠሙን እናቴ በዳንግላ የተማረችውን አንድም ሳታጓድል ገጠመችው። ብሎን አልተረፈም። ረገጠቻት፣ ሳለች፤ ደግማ ረገጠቻት፣ ጢስ ተፋችና ተነሣች። የተልባ ጢስ፣ ልክ ተልባ ሲቆላ እንደሚሸተው። አያቴ ፈረሱን ያዘ፣ እኔ በሩን ከፈትኩ። ሄደች። ከረፋዱ አራት ሰዓት አልፏል።

ቀኑን እንዴት እንዳሳለፍነው አላውቅም። አያቴ በየጊዜው ወጥቶ መንገዱን ያያል። ሲመለስ ያየው ነገር እንዳለ እጠይቀዋለሁ፤ ደመና ነው ይለኛል። በሆዴ የማሰላው አንድ ነገር ነበር። ቅዳሜ የአዲስ ቅዳም ገበያ ነው። እናቶች ጧት ጠብቀው ካጧት ድንችና ከሰላቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ ይሄዳሉ። እዚያ ስትደርስ ቀትር ይሆናል፤ ክትባት የሚሰጥበት የኮሶ ዛፍ ሥር ሰው ከሌለ መድረሷም ካለመድረስ አይለይም፣ ሞተሯ ትሄዳለች። እኔ የማውቀውን እሷም ታውቀዋለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የሞተሯን ድምፅ ሰማን። እናቴ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ለብሳ ገባች፣ ሞተሯን አቆመች፣ መናገር ሳትጀምር እጄን አስታጥቢኝ አለች። ማስታጠቢያውን አምጥቼ ማፍሰስ ጀመርኩ። አያቴ በሩ ላይ ቆሟል።

ሁሉም ነበሩ፣ በረዶው ሳያልቅ ሁሉንም ከተብኩ አለች። ኮሶው ሥር አንድም ልጅ ሳይቀር፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ተቀምጠው ነበር። አቶ ላቀው ከትናንት ጀምሮ እናቶችን ለመመዝገብ በእግሩ ሄዶ እዚያው አድሯል። ሦስት ጊዜ ለገበያ ተነሥተው ሦስት ጊዜ አስቀምጧቸዋል። ድምፁ ዘግቷል። ሁለት ሕፃን ታቅፎ ቆሞ ነው ያገኘችው፤ እናቶቻቸው ከሰላቸውን አድርሰው እስኪመለሱ እሱ ይዞላቸው። ለምን ዘገየሽ አላላትም። መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ኋላ ጎማዋ ነው።

“ሐሙስ ተንፍሶ አግኝቸው በልጀ ብስክሌት መንፊያ ነፋሁልሽ፤ ያዘልሽ ወይ?” አላት። ሞተሯን ለእሱ ሊሰጡት እንዳሰቡም ነግሯታል። መንዳት አልችል፣ ብችልም አልወስድባት ብሎ ለኃላፊው መልስ ከሰጠ ሦስት ቀኑ ነው።

እናቴ ይህን እስክትናገር ሳሙናው እጇ ላይ ደርቋል። “አንች ባትናገሪ ኖሮ” አለችኝ፣ “ዛሬ ጧት የዚያን ሰው ስም ይዠ ኃላፊው በር ላይ ነበርሁ።” ጎንበስ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። “ትመጣለች ሲላቸው ነው የዋለው። ትመጣለች፣ ትመጣለች ሲላቸው።”

ዓይኗን ስታሽ ሳሙናው የገባባት መስሎኝ ደጋግሜ ውሃ አፈሰስኩላት፤ ማስታጠቢያው እስኪያልቅ ድረስ አልከለከለችኝም።